ቁጥር አምስት ነጥብ ሦስት

ኪርያት ጋት፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣
የላሪሳና የእኔ፣ ባለ ሁለት ወንበር ሳሎን።
ግድግዳው ላይ ገበታ አለ፣ እንደ ዳዊት የደገምኩት፣
ትንንሽ የጠጉር ነዶ በቁጥር የተሰፋበት፦
አንድ ጥቁር፤ ሦስት ቡኒ፤ ሰባት የበሰለ ገብስ፤
ዐሥር ላይ ቀለሙ ያልቃል፣ እንደ ገለባ፣ እንደ ነፋስ።
ከነጥቡ ወዲያ ያለው የነጸብራቁ ልክ ነው፣
ሦስት ካለ ወርቅ አለበት፣ አራት ካለ መዳብ ነው።

እኛ አገር ቀለም የዶሮ ነበር፤
ገብስማ፣ ዛጎልማ፣ ወሰራ ተብሎ የሚሸጥ በብር።
የሰው ጠጉር ጥቁር ነው፣ ማን ይጠይቃል?
ስም የምናወጣው ለጠባዩ ነው፦
ዞማ ነው? ሉጫ ነው? ከርዳዳ ነው? ሚዶ ይሰብራል?
ዕድሜ ሲገፋ ብቻ፣ ጥቁርና ነጩ ሲምታታ፣
«ገብስማ»ን ከዶሮ ተበደርን፤
አልመለስናትም እስከ ዛሬ ማታ።

እናቴ በስተርጅናዋ ኡልፓን ገብታ ፊደል ስትቆጥር፣
አንድ ቀን ሳሎን መጣች፣ ያወቀችውን ልትሞክር።
ከመደርደሪያው ካርቶን አንስታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣
ሺን፣ ቴት፣ ኑን፣ ዩድ… «ሰታኒ» ብላ አነበበች፤
ካርቶኑን ወረወረችው።
«ሰይጣናዊ ቀለም ትቀቢያለሽ? ለዚህ ነው ባሕር ያሻገርሽኝ?»
ላሪሳ በሳቅ ፈረሰች፦
«ሻቲኒ ነው፣ እማማ፣ ሻቲኒ! ቡኒ ነገር!»
እናቴ አልሳቀችም።
«ታዲያ ነጥቧን ምን አስቀራት?
ነጥብ የነፈገ ሰው ነው ለሰይጣን በር የከፈተለት።»

የእኔም ስም ነጥብ ጎድሎታል።
መቀበያው ጣቢያ ጸሐፊዋ «ስምሽ?» ስትለኝ «ጠጄ» አልኩ።
ደጋግማ ሞከረችው፣ አፏ ውስጥ ተሰባበረ፣
«ዲቮራ» ብላ ጻፈች፤ በዚያው ጸንቶ ቀረ።
ዲቮራ ንብ ናት አሉኝ በኋላ።
ጠጁን ወስዳ ንቧን ሰጠችኝ፣
ሳታውቀው፣ በሰልፉ ተቻኩላ።

አሁን ደግሞ ሮተም መጣች፣
የእኔዋ ሜይታልና የላሪሳ ግሪሻ ልጅ።
ይዛው የተወለደችው ጥቁር በስድስት ወሯ ረገፈ፤
የበቀለውን ግን ስም የሚሰጠው ጠፋ፣ ሁሉም ይከራከራል እንጂ።
ላሪሳ «ሩሳያ» ትላለች፤ ብጫም ቡኒም ያልሆነ፣
በአገሯ የወንዝ ዳር ሣር፣ መከር ያደረቀው፣ የዳመነ።
አትክልት ሻጩ ሳሶን «ጂንጂት!» እያለ ይጠራታል፣
እጇን ዘርግቶ ቲማቲም ያስጨብጣታል።
እኔ ከገበታው አንድ ነዶ ፈትቼ ራሷ ላይ አስጠጋሁ፤
በመብራት አምስት ነጥብ ሦስት ነው፤
መስኮቱ ጋ ስወስዳት ተረታሁ።

እናቴ ከማዕዘኑ፣ ያለ መነጽሯ፦
«ጠጅ! ዓይን የላችሁም እንዴ? ጠጅ ነው እኮ!»

«አቤት» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አለች።
እውነቷን ነው።
ከመጣን ወዲህ እሷም «አንቺ» ነው የምትለኝ፣
ሰው ፊት ሲሆን ዲቮራ።
ነዶው ከእጄ ወድቆ ኖሯል፤
ሮተም አግኝታው ወደ አፏ እየወሰደችው ነበር።

በሩ ተከፈተ። የባንኩ ዘበኛ ጋሽ ፈረደ፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከጆሮው በላይ ገብስማ፣
ነገ ልጁን ይድራል፤ ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣
ከአሽዶድ የሚመጡ አማቶች አሉ።
«ጥቁር አድርጊልኝ» አለ።
«የትኛውን ጥቁር?»
«ጥቁር ነዋ! ስንት ጥቁር አለ?»

መሳቢያውን ሳብኩ።
«አራት» አልኩት። «ይቀመጡ።»