ግራ የገባው መኪና

ጃንሱግ ተመለሰ፤ ወር ከሦስት ቀን ቆይቶ፣
ነጩ ዴሊካው እስከ መስኮቱ በጭቃ ተቀብቶ።
ሞተሩን አላጠፋም፣ ከወንበሩም አልወረደ፤
«ሥራህ» አለኝ በመስኮት፣ «ወደ ግራ ሄደ።»

አሥራ ስድስት ዓመት በኤንጉሪ ወንዝ ዳር
ዱቄት ሽቅብ፣ አሮጊት ቁልቁል ሲያመላልስ የኖረ ነበር፤
ከዙግዲዲ ገበያ
እስከ በረዶው መንደር፣ እስከ ላይ መስቲያ።

በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፤
አሞርዛተሩን አዲስ አገባሁለት፣
ቴስቲናውን በሁለት ጎን፣ የብራቾውን ጎሚኒ ለወጥሁለት።
አላይመንቱ ሲለካ ማሽኑ አረንጓዴ በራ፣
ወረቀት ተፋ፦ ቀኙም ቀና፣ ቀና ግራ።

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። በአውራ ጣቱ ገፋው።
«ይሄ ወረቀትህ» አለ፣ «መስቲያ ወጥቶ ያውቃል?
በግራዬ ገደል ነው። ለአፍታ እጄ ከላላ
ወንዙ ይጠራዋል።»

እሺ። ከቀላሉ ይጀመራል።
የጎማውን ነፋስ ለካሁ፣ እኩል ነው።
የግራውን ጎማ ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አሰርኩ፤
ጎማው ቦታ ለወጠ፣ መኪናው አመል አልለወጠም፤
አሁንም ወደ ግራ። ጥፋቱ የጎማ አይደለም።

ጥቂት ነድቼው ወረድኩ፤
ቸርኬዎቹን በመዳፌ ዳሰስኩ፣ እንደ ልጅ ግንባር፣
አንዱ ፍሬን ቢይዝ ኖሮ ይግል ነበር።
ሁለቱም ለብ ያሉ። ትኩሳት የለም።
መንገዱን ጠረጠርኩ፤ መንገድ ግን ቢያዘነብል
ዝናቡን ወደ ቀኝ ነው እንጂ ወደ ግራ አይሸኝም።
በመጨረሻ ጃንሱግን ጠረጠርኩ፣
በሆዴ ብቻ፣ ጺሙን እያየሁ።

ግራ የገባው መኪና፣ ግራ የገባው ሰው፤
ተፋጠን ቆምን፤ ማን ማንን ይምራው?

የእህቴ ልጅ ማክቫላ፣ ቺያቤ የምታቀብለኝ፣
«አጎቴ፣ ብሎኑን ስታጠብቅ መኪናው የት ነበር?» አለችኝ።
«የት ይሆናል? ሊፍት ላይ።»
«እግሮቹስ?»
«እግሮቹ...»
ዝም አልኩ።

ተንጠልጥለው ነበር፣ እንደታዘለ ሕፃን እግር፣
ሸክም ሳይነካቸው፣ ከምድር በላይ በአየር፤
እኔም እዚያው አየር ላይ
ክርችም አድርጌ አሰርኳቸው።

ጎሚኒ ላስቲክ ነው፤ የታሰረበትን መልክ አይረሳም።
መሬት ሲወርድ፣ ክብደት ሲያርፍበት ይጠመዘዛል፣
አንገቱን አዙሮ እንዳደረ ሰው፣
ወደ ለመደው ሊመለስ ቀን ከሌት ይገፋል።
የግራው ከቀኙ ይብሳል።
ማሽኑ ይህን የት አይቶ? ማሽኑ የቆመ ነው የሚያይ።

ብሎኖቹን ሁሉ አላላሁ። መሬት አወረድነው።
«ሸክምህን ጫን» አልኩት ጃንሱግን።
ስድስት ጆንያ ዱቄት፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣
ራሱም ወንበሩ ላይ፣ ከነሆዱ ከነጺሙ።
ማክቫላ መከላከያውን ሁለቴ ተጭና ለቀቀችው፤
መኪናው እፎይ ብሎ ቁመቱን አገኘ።
ከዚያ በጀርባዬ፣ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ ከሥሩ ገባሁ፤
ብሎኑን በየተራ፣ ከነሸክሙ አጠበቅሁ።
አላይመንቱን ደገምነው። ማሽኑ እንደ ድሮው አረንጓዴ በራ፣
ምንም እንዳላጠፋ፣ ምንም ሳያፍር።

ማታ ስልክ ጮኸ። ጃንሱግ ነው፣ ከጅቫሪ፦
«አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ!»

ፊቴ ነደደ። ሄድኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።
መሪውን ትቼ እጆቹን አየሁ፦
ግራው ሽቅብ ይገፋል፣ ቀኙ ቁልቁል ይስባል፣
ጃንሱግ አያውቅም፤ እሱ የአማቱን ወሬ ያወራል።

«ልቀቀው» አልኩት።
«እዚህ?»
«እዚህ። ሜዳ ነው።»
ለቀቀ።
ዴሊካው ነጩን መስመር ይዞ፣ ሳያጋድል፣
እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ብቻውን ነጎደ።
ጃንሱግ መዳፎቹን በአየር ላይ እንደያዘ
አያቸው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ።

«ለዚህ ቺያቤ የለኝም» አልኩት፣
«መኪናው ቀና፤
እጅህ ገና።»

«እሱስ ስንት ያስከፍላል?» አለኝ፣
እጆቹን እንደዘረጋ።