ቀልብ ተሸካሚ

የኔ ሸክም ቀላል፣ አሥራ አራት ዱላ፣
ፎጣ፣ ጃንጥላና የረጠበ ካፖርት፤ ይኸው ነው በጠቅላላ።
የኢሽበል ነው ከባድ፣
በዓይን የማይታይ፣ በሚዛን የማይለካ፣ ከትከሻ የማይወርድ።
በፖርትካርን ሜዳ፣ በስኮትላንድ ባሕር ዳር፣
ነፋስ ጨው በሚዘራበት በዚያ ባጭር ሣር፣
ስምንት ዓመት ሙሉ ቦርሳዋን ስይዝላት፣
እጇ እንዳልሆነ አውቃለሁ ሁሌ የሚከዳት።

እጇማ እጅ ነው፤
ሄሪንግ ከሚታጠንበት ቤት ከንጋት እስከ ቀትር ቢላ የጨበጠው፣
አከርካሪ ሳይነካ ያሣ ሆድ የሚከፍተው።

ቀልቧ ነው የሚሄድ።
ኳሷ ፊት ቆማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዱላዋን ስታወርድ፣
አያታለሁ ስትነጉድ፦
መጀመሪያ ወደ ባንኩ፣ በቀይ ወደተሰመረበት ደብዳቤ፣ ገና ሳትከፍለው፣
ከዚያ ወደ አምስተኛው ጉድጓድ፣ አሸዋ ውስጥ ሁለቴ ወደሳተችው፣
ከዚያ ወደ ማታ፣ ዋንጫውን ካገኘች የት እንደምታስቀምጠው።
ስትመታ ታዲያ ሜዳው ላይ ማን አለ?
ባዶ ካፖርት ነው፣ ነፋስ የሚንጠው፣ በዱላ ላይ የተንጠለጠለ።

በመጀመሪያው ዓመት «አታስቢ» አልኳት፤
ሞኝ ነበርኩ፤ ያ ቃል ራሱ ሌላ ሐሳብ ሆነባት።
በሁለተኛው ዓመት እስትንፋሷን አስቆጠርኳት፤
አራት ላይ ስትደርስ የብድሩ ወለድ መጣባት።

አንድ ቀን ግን፣ ዝናብ አባርቶ፣ ከኳሷ ኋላ ተንበርክኬ፣
ምክር አልቆብኝ፣ እርጥቡን መሬት በጣቴ ነክቼ፦
«ይቺን ሣር አየሻት? ጫፏ የተቀነጠሰ፣ አንድ ጠብታ ያዘለች?
ዓለም ማለት እሷ ነች።
ባንኩ አይገባባትም፣ አምስተኛው ጉድጓድ አይገባባትም፤ ጠባብ ነች።
ሁለት ባላ መትከል ለቤት ይሁን፣ ለክረምት፤
እዚህ ግን አንዲት ሣር፣ አንዲት ምት።
ኳሷ ስትሄድ አትከተያት በዓይንሽ፤
ስትወድቅ ራሷ ትነግረዋለች ለጆሮሽ።»

የዋንጫው ቀን መጣ። ሮዌና ሌርድ፣ የሐኪሙ ሚስት፣
አዲስ ጫማ፣ ነጭ ጓንት።
አሥራ ሰባት ጉድጓድ ሄደው እኩል ናቸው፤
የወደቡ ሴቶች አጥሩን ተደግፈው፣ ልጆች ባንቀልባቸው።
በመጨረሻው ጉድጓድ፣ ካሥር እርምጃ ርቀት፣
ወደ ባሕሩ በሚያዘነብል ሣር ላይ አንዲት ምት ቀረቻት።
እኔ የባንዲራውን ዘንግ ይዣለሁ፤ ያኔ ሕጉ እንዲህ ነበረ፦
ኳሷ ስትቀርብ ተሸካሚው ይነቅላል፤ ዘንጉን ከነካች ግን ባለቤቷ ከሰረ።

አየኋት ስትገባ፤ እሷ ራሷ፣ ወደዚያች ሣር ስትገባ።
የባሕር ወፍ ጮኸ፤ አልሰማች።
ሮዌና ሳለች፤ አልሰማች።
ትከሻዋ ወረደ፣ መንጋጋዋ ላላ፣ ሙሉዋን እዚያ ነበረች።
አቤት ያ ዝምታ! ስምንት ዓመት ያስተማርኩት፣
እኔ ግን በዕድሜዬ አንድ ቀን ያልቀመስኩት።
«ታቪሽ» አልኩ በልቤ፣ «ያንተ ሥራ ነው፣ ኩራ፤
ማታ መጠጥ ቤት ስትገባ ወንዶቹ ይነሱልሃል፣ በነጻ ነው ቢራ፤
አረፋው ወፍራም፣ ብርጭቆው ቀዝቃዛ…»

ኳሷ መጣች። ታጠፈች። ወደ ጉድጓዱ አፍ ተንከባለለች።
ዘንጉ በእጄ ነበር።
ቀጭ አለች።

ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሰው እንደሞተበት።
ኢሽበል ቀና አለች፣ ዓይኗ ከሩቅ አገር እንደተመለሰ፣ ፀጥ ብሎባት፤
«ድምፁ ልክ አይደለም» አለች፣ «እንጨት እንጨት ይላል፤ ምንድነው?»
ነገርኳት። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኳት።

ዝም አለች መጀመሪያ። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው፣
እንባዋ እስኪወርድ፣ አሣ በሚሸት እጅጌዋ እስክትጠርገው።
ከጫንቃዬ ቦርሳዋን አውርዳ በራሷ ላይ አንጠለጠለች።
«ዛሬስ የኔ ሸክም ቀሎኛል፣ ያንተን ላግዝህ» አለች።
በአሸዋማው መንገድ ጥቂት እንደሄድን፣ ፊቷን ሳትመልስ፣
«ታቪሽ፣ ንገረኝ እስቲ፤
እዚያ ቆመህ ሳለህ፣ ወዴት ሄደህ ነበር?»