ከበሩ በስተግራ

ሽምብጥ፣ ከውሃው ዳር፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣
ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ እንከን የሌለው ገላ።
የደብረ ታቦር ልጆች በአንድ ሌሊት ጨርሰው፣
ጂፕሰሙን አልብሰው፣
ስቱኮውን ለስነው፣
ሂሳባቸውን ይዘው ሄዱ።
አሥራ አራት ሳጥኖች ከውስጥ ቀርተዋል፤
አሥራ አራት አፎች ተለጉመዋል።

“ያ ሁሉ ሽቦ የት ገባ?” ትላለች ወይዘሮ ትርንጎ፣
የፔንስዮኗን ቁልፎች በጣቷ እያሽከረከረች፤
“ቅዳሜ እንግዳ አለኝ፣ በሻማ አላሳድርም” አለች።

የዘረጋው ይርሳው ነው።
ይርሳው ብላ ስም ስታወጣለት እናቱ
ምኑን እንዲረሳ እንደፈለገች እሷ ታውቃለች፤
እሱ ግን አንዴ የነካትን ሽቦ አይረሳም።
ንድፍ የለው፣ ወረቀት የለው፣
ቤቱን በሙሉ በጭንቅላቱ ነው የሳለው።
እደውላለሁ፤
የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።
መተማ ወርዷል ይላሉ፣ ለሰሊጥ አጨዳ፤
ሳይከፈለው ሄደ ይላሉ፣ በሰው ዕዳ።
የሚሉትን እሰማለሁ።
ካቻቢቴዬን እፈልጋለሁ።

በጣቴ አንጓ አንኳኳሁ።
ዷ፣ ባዶ። ዷ፣ ባዶ። ድም፣ ብረት።
ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ ሐኪም እንደሚያደርገው በሕፃን ደረት፤
የሆነ ነገር አጉረመረመ፤
ሳጥኑ መስሎኝ ልቤ ቆመ፤
ለካ ከደንገሉ ውስጥ ጉማሬ ነው።
ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ዞርኩ፣
እሱም የየብረቱን ደጅ ሲጠና ዋለ።
“እዚህ ጋ ነው” ብዬ በመጋዝ ቀደድኩ፤
ጨለማ ብቻ። ዱቄቱ ጥርሴ ላይ ቀረ።
ቀለም ቀቢው ደርብ ከመሰላሉ ቁልቁል አየኝና
“ሰውዬ፣ አይጥ ሆንክ እንዴ?” አለኝ።

“ባክህ ተወኝ፣ ግራ ገባኝ።”

ግራ።

ይርሳው በግራው ነው የሚሠራው።
ምሳ ላይ ያን እጁን ሲዘረጋ እንስቅበት ነበር፤
ጨለማ ክፍል ሲገባ፣ መብራት ፍለጋ፣
ከቀኙ በፊት ግራው ነበር የሚነጋ።
ቁመቱ ከኔ በስንዝር ያንሳል፤
ሜትር ከኪሱ አይጠፋም፣ ግን በክርኑ ይለካል።

በሩን ዘግቼ እንደገና ገባሁ።
ጉልበቴን አጠፍኩ፣
በይርሳው ቁመት ቆምኩ፣
ዓይኔን ጨፍኜ ግራ እጄን ሰደድኩ።
ክርኔ በወደቀበት አንኳኳሁ፤
ዱብ።
ጠባብ ድምፅ፣ ግድግዳ ያለው ባዶነት።

ስከፍተው የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ተጠቅጥቆበታል፣
ስቱኮ እንዳይገባበት፤
በእርሳስ ተጽፎበታል፣ በግራ እጅ፣ መዳፍ ያሻሸው ፊደል፤
“ከስማቸው የምቀበለው፣ አንድ ቀን።”
በሁለተኛው ሳጥን፣ ሁለት ቀን።
በስድስተኛው፣ ስድስት፤ ከሥሩ “ሰኞ ብሎኛል።”
በዘጠነኛው፣ ዘጠኝ፤ “ሰኞ ብሎኛል” ተሰርዟል።

ስማቸው እኔ ነኝ።

ወይዘሮዋ የእጁን ዋጋ ቆጥራ
በእጄ አስቀምጣ ነበር፣ በደረሰኝ፣ ደርብም ባለበት።
ለባጃጄ ሁለት ጎማ ገዛሁበት፤
የቀረው ለልጄ ዩኒፎርም፤ የቀረው፣ እንጃ፣ ቀረ።
ሰኞን በሰኞ ላይ ደረብኩበት፤
እሱም አልተጣላኝም።
ሳጥን በሳጥን ነገረኝ እንጂ።

አሥራ ሦስቱን ከፈትኩ።
አሥራ ሦስት ቁራጭ ኪሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል።
ሲመሽ ፀሐይ ከሐይቁ በኩል በአግድም ገባች፣
ልስኑን ገረፈች፤
ከበሩ አጠገብ አንዲት እብጠት አየሁ፣
ውሃ ሥር እንዳለ የዓሣ ጀርባ፣
አለች ሲሏት የለች።
መጋዙን አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።

ስልኩ አሁንም ዝግ ነው።
ዝግ ቢሆንም ብር ይገባል አለኝ ደርብ፣
እጁን እየታጠበ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

“አለቀ?” አለች ትርንጎ ከበረንዳ።
“አንድ ቀርቶኛል።”
“የቱ ጋ?”
ከበሩ በስተግራ፣ እማማ፣
ቀጥ ብለው የማይደርሱበት፣
ጎንበስ ካላሉ የማያገኙት።