ከድልድዩ ወዲህ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ መብራት ሳላበራ፣
ሥጋውን በዳቦ ስጠቀልል በተራ፤
ትናንት የጠበስኩት ሚላኔሳ ቀዝቅዟል፣
የዳቦ ፍርፋሪው ጠርዙ ላይ ወዝ ይዟል።
ለቤት ትኩስ ይሻላል፤ የመንገድ ስንቅ ግን
ቀዝቅዞ ነው ጥርስ ላይ ጣዕሙን የሚነግረን።

ስምንት ቅቅል እንቁላል፣ ከነቅርፊታቸው፣
በፎጣ ጠቅልዬ ከጎን ደረደርኳቸው፤
ጨው በጋዜጣ ቁራጭ፣ ጫፉን ጠምዝዤ፣
እንደ ልጅ ክታብ አርጌ፣ በኪሴ ይዤ።

ለሊሳንድሮ ብስኩት፣ ያለ ክሬም፣ ደረቅ፤
መንገድ ያዞረዋል፣ ፌስታል ከእጁ አይራቅ።
ለዙልማ አይብ፣ በጣት ልክ የቆረጥኩት፤
ለባሌ ለራሚሮ ቴርሞሱን ሞላሁት፤
መራራ ማቴውን ካልጠጣ ያዛጋል፣
የእሱ ማዛጋት ደግሞ እኔን ነው የሚወጋል።
የጠዋቱ ከላይ፣ የማታው ከግርጌ፣
ሳጥኑን ከደንኩት ሁሉን ልክ አድርጌ።

አባቴ መጣ።
ባልዲ አቅፎ መጣ።
ኮክ። ሙሉ ባልዲ። ከጓሮው የወጣ።
"አባባ፣ ቦታ የለም።"
"ጉልበቴ ላይ ነው።"
"ለማን ነው?"
"ለሰው ነው።"
ስሙን አልጠራውም። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ወንድሙ ኤውዶሮ፣ ትሬሌው ያለው።
መጋዝ ተዋሰ፣ አልመለሰም ተባብለው
ሁለት ሽማግሌ፣ እንደ ልጅ ተኳርፈው፣
እህታቸው ስትቀበር እንኳ
ከሬሳ ሳጥኑ ወዲያና ወዲህ ነበሩ።

ነዳን። ሜዳ። ሽቦ አጥር። ሜዳ። ነፋስ።
ባልዲው በየጉድጓዱ ሲናጥ
አባቴ በሁለት እጁ ያቅፈዋል፣
መኪናው በሙሉ ኮክ ኮክ ይሸታል።

ከኮሎራዶ ወንዝ፣ ድልድዩ ሳይደርስ፣
ዘብ ቆሟል፣ አረንጓዴ ሰደርያ የሚለብስ።
"ከዚህ ወዲያ" አለን፣ "ፍራፍሬ አያልፍም፤
ትል ያስገባል። ሕግ ነው፤ እኔ ማንንም አልገፍም።"
በርሜሉን አሳየን፤ ንብ የከበበው፣
የስንቱ መንገደኛ ብርቱካን ያለው።
እኔ ሁሉን አስቤ፣ እንቁላል ቆጥሬ፣
ይህቺን ሳላውቅ መጣሁ፤ አፈርኩ በነገሬ።

አባቴ ወረደ። በርሜሉን አላየም።
አስፋልቱ ዳር ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣
ባልዲውን በእግሮቹ መሃል አስቀመጠ፣
አንዱን በሸሚዙ ወልውሎ ገመጠ።

ሊሳንድሮ ጠየቀ፤ "ሆዳችን ውስጥ ካለ
ያልፋል ወይ፣ ጋሼ?"
ዘቡ ሳቀ። "ሆድማ" አለ፣
"ሆድ አይፈተሽም።"
"ሰማችሁ?" አለ አባቴ፣ "እንግዲህ ሆድ ይፍጀው!
ውረዱ፣ እንብላ። የምን መጣል ነው?"

በላን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ወረደ።
ዙልማ ትስቃለች ቀሚሷን በክላ፣
ያ የሚያዞረው ልጅ ስድስት ኮክ በላ፤
ሱፍ የጫነ ካሚዮን ሹፌር ቆሞ ቀመሰ፣
ዘቡም ዞር ዞር ብሎ፣ አይቶ፣ አንድ ጎረሰ።
ፍሬው አልቆ ዘሩ ቀረ። ዘሩም አያልፍም።
አባቴ እየቆጠረ በርሜሉ ውስጥ ጣለው፤
አርባ አንድ።
የመጨረሻውን ጉንጩ ውስጥ
ሲያገላብጥ፣ ሲያገላብጥ ቆይቶ
እሱንም ተፋው።

ድልድዩን ተሻገርን ባዶ ባልዲ ይዘን፣
ሳጥኔ እንዳለ ነው፤ ማን ይክፈተው ጠግበን?

ትሬሌው በመሸ። በሩ ተከፈተ።
ሁለቱ ተያዩ።
አባቴ ባዶውን ባልዲ ዘረጋለት።
አጎቴ ተቀብሎ፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ
ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ፣
አፍንጫውን ከተተ፣ እዚያው ቆየ።
"የጓሮው ነው" አለ።
"የጓሮው ነው።"

ያን ጊዜ ነው ሳጥኔ የተከፈተው።
ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ባርኔጣ ሳያወልቁ፣
ቀዝቃዛ ሥጋ በዳቦ ሁለቱ ያኝካሉ፣
ፍርፋሪው ጺማቸው ላይ።
መጋዙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤
ማንም ቀና ብሎ አላየው።
ኤውዶሮ እንቁላል ላጠ፣ ለሁለት ከፈለው፣
ግማሹን ሰጠውና፣
"ጨው አልያዝክም?" አለው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።
እጄን ኪሴ ከተትኩ።