ዜሮ ሚሊሜትር

ሃያ ስድስት ዓመት ዝናብ ስሰፍር ኖርኩ፤
ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት ከመስፈሪያው አጎነበስኩ።
አፉን ለሰማይ ከፍቶ የቆመ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አለኝ፤
አብዛኛውን ቀን አቧራ እንጂ ውሃ ይዞ አይጠብቀኝ።
መዝገቡ ላይ «ዜሮ» እጽፋለሁ። በማግስቱም «ዜሮ»።
ድሬ ናትና፣ ደመናም ቢመጣ ይመለሳል ዞሮ።

ትናንት ማታ፣ የገንደቆሬ ወበቅ ገና ሳይበርድ ከግድግዳ፣
ኢፍቱ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች ወደ በረንዳ።
«አባ፣ እስቲ ይሄ የት ነው?»
ብርቱካንማ ጭጋግ። ድብልብል ድንጋይ። ደረቅ አሸዋ።
«ምን ይጠየቃል፤ ደቻቱ ነዋ!»

ሳቀች። የሳተርን ጨረቃ ነው፤ ቲታን ይሉታል፤
ፀሐይ እንኳ እዚያ እስክትደርስ እንደ ፋኖስ ይደክማታል።
ደመና አለው፣ አለች። ወንዝ አለው። ሐይቅ አለው።
የሚዘንበው ግን ውሃ አይደለም፣ ብርድ ጨምቆ ያፈሰሰው ጋዝ ነው።
እኔ ድንጋዩን አየሁ። የድንጋይ ቋንቋ አውቃለሁ፤
ጎርፍ ሳያንከባልለው የዶለዶመ ድንጋይ የት አይቼ አውቃለሁ?

በዚያች ሌሊትም የኛ ሰማይ በኮከብ እንደተሞላ፣ ጥርት እንዳለ፣
ከደንገጎ ጀርባ ደመናው ያረገዘውን ሁሉ ጣለ።
መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ የዕቃ ባቡር መሰለን፤
ሐዲዱ እኮ ወዲያ ማዶ ነው ብለን ሳንጨርስ ደረሰብን።
ልብስ ሰፊው አብዶሽ ሲንጀሩን ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ፣
በሦስተኛው ቀን ሲንጀሩ ተገኘ፣ በአሸዋ ተሞልቶ።
ሲንጀሩ ብቻ።

ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ጣሳውን አየሁት፤
ደረቅ ነው። ደንብ ደንብ ነውና «ዜሮ ሚሊሜትር» ብዬ ጻፍኩት።

«እዚያ ስበቱ ስስ ነው» አለች ኢፍቱ፣ «አየሩም ይወፍራል ከኛ፤
ጠብታው ሽምብራ ቢያክልም፣ አወራረዱ ዘገምተኛ።»
ብዙ አልጠየቅኳትም። ያን ዝናብ በዓይኔ ስስለው አመሸሁ፦
ጠብታው ከደመናው ሲለቅ፣ ሰው ቀና ብሎ አይቶ፣
ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ልጁን አዝሎ፣ የጎረቤት በር አንኳኩቶ፣
«አብዶሽ፣ ተወው፣ ይቅር ሲንጀሩ» ብሎ፣ በክንዱ ጎትቶ፣
ዳገቱን ወጥቶ ዞሮ ሲያይ
ዝናቡ ገና መንገድ ላይ።

ዛሬ ጣሳው ውስጥ አቧራ ነበር፤ አንዲት የሞተች ጉንዳን።
«ዜሮ» ጻፍኩ።
ከዚያ «አስተያየት» በሚለው ዓምድ፣ ባዶ ስተወው በኖርኩት ቦታ፣
«ከደንገጎ ጀርባ ጠቁሯል» ብዬ ጨመርኩ። ማን ይጠብቃል እስከ ማታ?
ይኸው እየደወልኩ ነው፣
ደቻቱ ዳር ቤት ላለው ሁሉ።