የወጋ ሲረሳ

ጥር ነው ሪጋ ላይ፤ ዳውጋቫ ረግቷል፤
የትራሙ መስኮት በትንፋሽ ታውሯል።
ስካይድሪቴ ወረደች፤ ካፖርቷ ውስጥ ሽጉጥ፣
ስሟ የሌላ ሰው፣ ፀጉሯ አጭር ቁርጥ።

መዝገብ ላይ ሞታለች፤ መሥሪያ ቤቷ ቀብሯት፣
ከድልድዩ በታች ከታሊስ ጋር ደምሯት።
ታሊስ ግን የእውነት በረዶው ላይ ቀረ፤
በሬድዮ “ግቡ” ያለው ኤልማርስ ነበረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይኼን ደጅ ስታልም፣
ጥይት ስትቆጥር፣ አድራሻ ስትደግም…
ደረጃውን ወጣች፤ አሳንሰር አታምንም።

በሩ አልተቆለፈም።

እሷን ያሠለጠነ፣ “በር ክፍት አትተዪ” ያለ፣
በካልሲው ብቻ ቆሞ መስኮቱ ዳር አለ፣
በእርጎ ጣሳ ውስጥ ቲማቲም እየተከለ።
“መጣሽ?” አላት ዞሮ፤ “ነርሷ ነሽ አይደለ?
ክኒኑን ውጫለሁ። እዪ፣ ምን በቀለ!”

“ታሊስ!” አለችው፣ አፈሙዙን ደግና።
“ማነው? ጎረቤት ነው? ይግባ፣ ክፍት ነውና።”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ፤
ተረቱ እንዲህ ይላል፤ ማንም ግን አላነሣ፦
ወጊው ስሙን ጭምር፣ ራሱንም ሲረሳ፣
ከማን ይጠየቃል የዚያ የደም ካሳ?

“ያዢልኝ” አለና ጣሳውን ዘረጋ።

ግራ እጇ ተቀበለ፤ ቀኝ እጇ ቃታ ላይ።
ሁለት ቅጠል ብቻ፣ ዘንበል ያለ ወደ ፀሐይ።

“ቀስ” አለ ሽማግሌው፤ “ሥሩ አልያዘም ገና።”