ተራ ቁጥር ዘጠኝ

አባ ጴጥሮስ መዝገብ ሰጡኝ፣ "ጣራው ሳይነሳ
ዕቃውን ጻፊልኝ፣ አንዱም እንዳይረሳ፤
እኔ እንግዳ ነኝ፣ ብረት አላውቅም፣
ሁሪሳን ጥሪው፣ እሱ አይሳሳትም።"

ሁሪሳ ጉተማ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
በጋሪ መጣልኝ ከነክራባቱ፤
የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያዞር
ባርኔጣውን በእጁ ደፍኖ ነበር።

ከአሮጌው ጣቢያ ጓሮ ናት ጸሎት ቤቷ፣
ሣር የዋጠው ሐዲድ ተዘርግቶ በፊቷ፤
የባቡር ሠራተኞች ከፈረቃ ወጥተው የገነቧት፣
ደሞዝ ሲዘገይ ትተው፣ ሲመጣ የቀጠሏት።

በሩን አልፎ ቆመ፤ ሳያማትብ ገና
"ጻፊ" አለኝ፣ መነጽሩን በመሐረብ ጠረገና።

"አንድ፤ ደወሉ። የሐዲድ ቁራጭ ነው፣ የቀጭኑ ዘመን፤
ድምፁ የሚያምረው ከብረቱ ማነስ መሆኑን
ለቄሱ እንዳትነግሪ።
ሁለት፤ ጠበል መያዣው፦ የኩሽኔታ ክዳን፤
ስንቴ ግራሶ የሞላሁበት፣ ዛሬ ጣቴን ነክሬ ልዳን?
ሦስት፤ የመዝሙር መጻሕፍቱ መደርደሪያ የሻንጣ ነበረ፣
ከድሬዳዋ ሲመጣ ስንት ኮንትሮባንድ ያሻገረ።
አራት፤ አግዳሚዎቹ፦ ሦስተኛ ማዕረግ፣ ጀርባ እንዲያምም የተሠራ፤
እዚህ ግን ነጋዴውም ዳኛውም ይቀመጥበታል በተራ።"

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፦ መንጠቆ፣ ሰንሰለት፣ የፍሬን እጀታ፤
በጣቱ ዳሶ ዳሶ፣ እንደ ድሮ ጎረቤት
በየስማቸው ሰጣቸው ሰላምታ።

ስምንተኛው ላይ እኔ ቀደምኩት፦
ግድግዳው ላይ ከነሐስ የተቀረጸ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት።
ልጅ ሳለሁ የመዝሙር ቁጥር መስሎኝ፣ ዳዊትን ብገልጥ ብገልጥ
አለቀብኝ መቶ ሃምሳ ላይ፤
ቀሪውን ለባቡር ሰዎች ብቻ
የሸሸገው መስሎኝ ሰማይ።
"ፉርጎ ነው" አለ ሁሪሳ፣ "ከብት ነበር የሚጭነው።"
ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤
ጥቂት ግን ቆጨኝ፣ ምን ልዋሽ፣ እውነት ነው።

ዘጠኝ።
ከቅዱስ ቁርባኑ ፊት የሚበራው ቀይ መብራት።
እዚህ ላይ ዝም አለ። ውጭ ባጃጅ ጮኸ፣ አለፈ።
ባርኔጣውን አግዳሚው ላይ አሳረፈ።

"የባቡሩን ፊት ሁሉም ያየዋል፤
የጣቢያ ሰው የሚጠብቀው ጅራቱን ነው።
የኋላው ቀይ ፋኖስ ካለፈ ባቡሩ ሙሉ ነው፣
መንገድ የቀረ የለም።
አንድ ሌሊት ቆሜ ስጠብቅ
ጨለማ ጅራት ይዞ ገባ።
ዳገቱ ላይ ተበጥሶ፣ ሁለት ፉርጎ
ቁልቁል ወደ መተሃራ።
ኋላ የነበረው ሮብሌ ነው፣ የአይሻው ልጅ፣
በየጣቢያው ምንጣፉን አንጥፎ የሚሰግደው።
በማግስቱ ይዘን የተመለስነው ፋኖሱን ነው።
እዚህ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።
የያኔው ቄስ 'የማን ነው?' አሉኝ። ነገርኳቸው።
ክብሪት አወጡ ከኪሳቸው።"

ወንበር አስመጣ፣ ወጣበት፤
ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ወገቡን ያዝኩለት።
ብርጭቆውን ፈታ፣ በክራባቱ ጫፍ ጥቀርሻውን ጠረገው፣
ክሩን በጥፍሩ ቆርጦ፣ መልሶ ገጠመው።

ጻፍኩ፦ ተራ ቁጥር ዘጠኝ፤ ፋኖስ፤ ቀይ፤ ብዛት አንድ።
"ምርመራ በሚለው ሥር ምን ልበል?" ብለው፣ ከወንበሩ ሳይወርድ
"ይሠራል በይ" አለኝ።